በአንድ መስኮት አሥራ ሁለት ሚስማር

የአባቴ ዓይን ቢጫ መሆኑን ከሁሉም ሰው በኋላ ያወቀው አባቴ ራሱ ነው።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በባለ አራት ቀለም ማተሚያ ላይ የቆመ ሰው ነው። ሁለት ቢጫ ወረቀት ጎን ለጎን ብታስቀምጡለት የትኛው ትናንት፣ የትኛው ዛሬ እንደታተመ ይነግራችኋል። የጭማቂ ካርቶን ላይ ያለ የሎሚ ሥዕል አይቶ "ይሄ ሎሚ ታሟል" ብሎ ሦስት ሺህ ቅጂ አስጥሏል። አንዱ ቀለም ከሌላው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሸርተት ካለ ማሽን ያስቆማል። ለዚህ ነው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ጋሽ ሚሊ" የሚለው። የራሱን ዓይን ግን እናቴ አየችው፣ ጎረቤት አየው፣ ባለሱቁ እንኳን አየው፤ እሱ መስታወት ፊት ቆሞ "አምፖሉ ነው" አለ።

"አምፖሉን ቀየርኩት እኮ" አለችው እናቴ።

"እንግዲያው ግድግዳው ነው። ያንጸባርቃል።"

ግድግዳችን ነጭ ነው።

ሐኪም ቤት የሄድነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱም እኔ ስለጮህኩ። ሐኪሟ ጸጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ብዙ የማታወራ ሴት ነበረች።

"ሲጋራ ያጨሳሉ?"

"በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም።"

"መጠጥስ?"

"ሰው ሲዳር።"

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"አታሚ ነኝ" አለ አባቴ፣ ቀና ብሎ። የማተሚያ ቤቱን ስም ነገራት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "የትኛው ክፍል?"

"ባለ አራት ቀለሙ ነዋ!"

ለደም ምርመራ ላከችው። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ወደኔ ዞረች። "የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ይመስለኛል። ምርመራው ያረጋግጥልናል። ብርቅ በሽታ ነው፤ በሥራ ዘመኔ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ከዚያ ክፍል የመጡ ነበሩ። አባትሽ ሦስተኛ ናቸው።"

ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። አንዱ ፉጨት ነው፤ ማሽን ላይ ሆኖ ሲያፏጭ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ሰው ነበር፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ሌላው ዳኛው ይባል ነበር፤ የኳስ ጭቅጭቅ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚያልቀው። ዳኛው ሲሞት ሰፈሩ "ጉበቱን በመጠጥ ጨረሰው" ብሎ ደመደመ። ከወተት በቀር ምንም ሲጠጣ አይቼው አላውቅም።

"ለማን ተናገርሽ?" አልኳት። አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ካልኩ በኋላ ነው።

"ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፌ ነበር።"

"ምን አሉ?"

"ደርሶናል የሚል ማህተም መቱበት።"

ያን ጊዜ የጀመረኝ ንዴት እስካሁን አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ግማሹ በራሴ ላይ ነው። እኔ ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። የምሠራው የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሰው በጠርሙስ የሚያመጣልኝን ውሃ አሸትቼ "ይሄ ውስጥ የሆነ ነገር አለ" ብዬ ለይቼ አውቃለሁ። የአባቴን ሸሚዝ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አሽትቼ "የአባዬ ሽታ" ነው ያልኩት። ጣፋጭ ሽታ ነበር። ልጅ ሆኜ አንገቱ ሥር ገብቼ እስበው ነበር።

ግማሹ ንዴት ደግሞ ስለ ወንድሜ ነው። ታላቄ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። አባቴ ከታመመ ወዲህ እሱ በቆመበት ቦታ፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ክፍል የቆመው ወንድሜ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ያስገባውም አባቴ ነው። "እጅህን ይዤ ሙያ አስተማርኩህ" ይለዋል።

አባቴ ሐሞቱ እንዲወርድ ቱቦ በገባለት ማግስት፣ ዕቃውን አመጣለሁ ብዬ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ዕቃው ሰበብ ነበር። ባለ አራት ቀለሙ ክፍል ከግቢው በስተጀርባ ያለ ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ነው። በሩን ስከፍት ከማሽኑ ጩኸት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጣፋጭ። የበሰለ ፍሬ ላይ መድኃኒት የተረጨ ይመስላል።

ወንድሜ ማሽኑ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ጎማውን ያጥባል። ቀለሙን ከብረቱ ተቀብሎ ለወረቀቱ የሚያቀብለው ይህ ጎማ ነው፤ ቀለም በተቀየረ፣ አቧራ በነካው ቁጥር ይታጠባል፤ በቀን አሥራ አምስት፣ ሃያ ጊዜ። ወንድሜ ከሰማያዊ በርሜል ጨርቅ ያረጥባል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያረጥባል። በባዶ እጁ።

"ጓንትህስ?"

ሳቀ። "ጓንት እጅን ያሳውራል። ጎማው ላይ አንዲት የወረቀት ብናኝ ብትቀር በምን አውቃታለሁ? አባዬ ያስተማረን ነው።"

"ይሄ ምንድን ነው?" በርሜሉን አሳየሁት።

"ጣፋጩ።"

"ስሙን ነው የጠየቅኩህ።"

"ስሙን ነው የነገርኩሽ። በናፍጣ ቢሆን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ይሄ ሁለት ደቂቃ! ጠርገሽ ሳትጨርሺ ብን ብሎ ይጠፋል።"

"ወዴት ነው የሚጠፋው?"

"እንዴት ወዴት? ይጠፋላ!"

"ምንም ነገር አይጠፋም። አንተ ውስጥ ነው የሚገባው።"

ወረቀት ጫኙ፣ ከማሽኑ ማዶ ያለ ወፍራም ሰውዬ፣ "እህትህ እንደ ፖሊስ አደረጋት እንዴ?" አለ። "እኛ እኮ ለምደነዋል እታለም። መጀመሪያ ሰሞን ራስ ያዞራል፣ ከዚያ በነጻ መስከር ነው።" ሌሎቹ ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ።

በርሜሉን ገፍቼ ጀርባውን አየሁት። የተላጠ ወረቀት ግማሹ ቀርቷል። ክሎሪን ያለበት ማሟሚያ ነው፤ በሌላ አገር እንዲህ ባለ ነገር በዝግ ክፍል ውስጥ ሲያጥቡ የኖሩ አታሚዎች በዚሁ በሐሞት ቧንቧ በሽታ እንደተያዙ ያነበብኩት ባለፈው ሌሊት ነበር። ከስሙ በታች በሦስት ቋንቋ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ክፍት፣ አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ ተጠቀሙ።

ቀና ብዬ መስኮት ፈለግኩ። ሦስት ትልልቅ መስኮቶች አሉ። መስታወቱ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ዙሪያውን በሚስማር ተመትቷል። የአንዱን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ነው፤ ራሳቸው ዝጓል። ከላይ ማቀዝቀዣው ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ፣ እያቀዘቀዘ፣ መልሶ በእነሱ ላይ ይነፋል።

"መስኮቱን በሚስማር የመታው ማነው?"

ሁሉም ወደ ሥራቸው ዞሩ። ወረቀት ጫኙ ብቻ፣ ሳቁ ሳያልቅበት፣ "ቤትሽ ሄደሽ ጠይቂያ" አለ።

*

አባቴ ታሪኩን የነገረኝ በደስታ ነው። ይህን መቼም አልረሳውም።

"የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው" አለ፣ ትራሱን ደገፍ ብሎ። "የዝናብ ወር። ወረቀት እርጥበት ሲነካው እንደሚያብጥ ታውቂያለሽ? ቀዩ ሲታተም ሌላ መጠን፣ ሰማያዊው ሲታተም ሌላ መጠን ይሆናል። የሕፃናት መማሪያ መጽሐፍ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ሁለት ሁለት አፍ አወጡ! አርባ ሺህ ቅጂ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ነበር፣ ሊያብድ ደረሰ። እኔ እሑድ ማንም ሳይጠራኝ ገባሁ። በአንድ መስኮት አሥራ ሁለት፣ ባለ ሦስት ኢንች ሚስማር። ለክቼ፣ በእኩል ርቀት። ከዚያ በኋላ አንድም ልጅ ሁለት አፍ አላወጣም።"

"ጣፋጩ መቼ ነው የመጣው?"

"እሱማ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።" ከዚያ ፊቴን አየው። ቀለም የሚያይ ሰው ፊትም ያያል። "ምነው?" አለ።

ነገርኩት። ሳላሳምር ነገርኩት። ማሳመር አልችልበትም። ማሟሚያው ምን እንደሆነ፣ መስኮቱ ቢከፈት ኖሮ ምን ያህሉ ይወጣ እንደነበር፣ ፉጨት፣ ዳኛው፣ እሱ፣ አሁን ደግሞ ወንድሜ። ሲያዳምጥ እጁን አየ። ከዚያ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ላይ ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ የሚመስለኝ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ዙሪያው ወርቃማ፣ ፊደሉ ጉብ ጉብ ያለ። ራሳቸው ያተሙት፣ ምርጥ ሥራቸው ነው። ሺህ ጊዜ አልፌዋለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም። ተነስቼ አነበብኩት።

"በራሳቸው ተነሳሽነት የባለ አራት ቀለም ማተሚያ ክፍሉን መስኮቶች በሙሉ በሚስማር በማሸግ፣ እርጥበትን በመከላከልና ብክነትን በግማሽ በመቀነስ ላደረጉት አርአያነት ያለው አስተዋጽኦ..."

ከታች ቀን፣ ማህተም፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ።

በማግስቱ የማተሚያ ቤቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ጥፍሯን እያየች የመለሰችልኝ መልስ ይኸው ነው፤ "መስኮቶቹ እንደተፈለገ ይከፈታሉ። የተባለው ማጠቢያ ለሙከራ የገባ እንጂ በቋሚነት ጥቅም ላይ የዋለ አይደለም። በነገራችን ላይ አባትሽ መስኮት ዘግተው ከሆነ እሳቸውን ነው መጠየቅ።" በአንድ ትንፋሽ መስኮቱ ክፍት ነው አለች፤ ተዘግቶም ከሆነ የዘጋው አባትሽ ነው አለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ከእሷ ዘንድ ወጥቼ የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ገባሁ። የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ ጨዋ፣ ቀርፋፋ ሰው ነው። ሁሉንም ጻፈ። "ማክሰኞ ጠዋት ሄደን እናያለን" አለ። "ለድርጅቱ ደብዳቤ እንልካለን፣ እንዲዘጋጁ።"

"እንዲዘጋጁ?"

"ሥርዓቱ ነው።"

"ሌባ ቤት ልትፈትሹ ስትሄዱ ሌባውን ማክሰኞ እንመጣለን ትሉታላችሁ?"

"እህቴ" አለ ሳይቆጣ፣ "ስንደርስ መስኮቱ ተከፍቶ ካገኘሁት ተከፍቷል ብዬ ነው የምጽፈው። ሁልጊዜ ዝግ ነበር የሚል ሰው ያስፈልገኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ። በአካል መጥቶ የሚናገር።"

ከመጀመሪያው ጀምሮ ከነበሩት ሁለቱ መቃብር ውስጥ ናቸው። የቀረው አንድ ነው።

*

"አልናገርም" አለ አባቴ።

እራት ላይ ነበርን። እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔ። አባቴ ምግቡን እያየው ብቻ ነበር።

"ምን ብዬ ልናገር? ፉጨትን የገደልኩት እኔ ነኝ ልበል? ሚስቱ በየበዓሉ እየመጣች ጉልበቴን ትስማለች። እሷን ምን ልላት ነው?"

"ፉጨትን አልገደልከውም። መስኮቱን መታህ። መርዙን ግን የገዛኸው አንተ አይደለህም። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የላጠው አንተ አይደለህም። ሐኪሟ ደብዳቤ ስትልክ ማህተም መትቶ ያስቀመጠው አንተ አይደለህም። የአንተ ሥራ ሠላሳ ስድስት ሚስማር ነው። የሠላሳ ስድስቱን ብቻ ተናገር።"

"ለአንቺ ቀላል ነው።"

"ለኔ ቀላል አይደለም! አባቴ እየሞተ ነው፣ ወንድሜ ተራ ይዟል፤ ምኑ ነው የሚቀለው?"

እናቴ "አፍሽን!" አለችኝ። በቤታችን "እየሞተ" የሚል ቃል እስከዚያ ማታ አልተነገረም ነበር።

ወንድሜ ማንኪያውን ጣለ። "እኔን አታስገቡኝ። ተራ አልያዝኩም፣ አልታመምኩም። ክፍሉ ቢታሸግ ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ምን እንበላ? ኬሚስትሪሽን ቀቅለሽ ታበይናለሽ?"

"ደምህን ተመርመር አልኩህ። ያንን እንኳን እምቢ አልክ።"

"ብመረመር ያገኙብኛላ!"

እሱም የተናገረውን የሰማው ከእኛ ጋር እኩል ይመስለኛል።

ተነስቼ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድኩ። "ካልተናገርክ እኔ ይህን ይዤ እሄዳለሁ።"

"መልሺው" አለ አባቴ። አልጮኸም። "በዚህች ቤት ውስጥ የኔ የምለው እሱ ብቻ ነው። መልሺው።"

መለስኩት። በንዴት ነበርና አጣምሜ ሰቀልኩት። አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ፤ ቱቦውን በአንድ እጁ ይዞ ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ራቅ ብሎ አየው። እንደገና ገፋው።

"ሁለት ሚሊ ወደ ግራ ነበር" አለ። ወደ መኝታው ሄደ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር። ከተቆጣጣሪው ጋር ማተሚያ ቤቱ ስደርስ ምስክር የለኝም ብዬ ነው የገባሁት። ከቤት ስወጣ የአባቴ ክፍል ዝግ ስለነበረ ተኝቷል ብያለሁ። ግድግዳውንም ቀና ብዬ አላየሁትም።

ባለ አራት ቀለሙ ክፍል ሲከፈት ሌላ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። ሦስቱም መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል። የመስታወቱ ነጭ ቀለም ተፍቆ ጠፍቷል። ክፈፉ አዲስ ቡናማ ቀለም ተቀብቷል፤ ሽታው ገና አለ። ሁለት አዳዲስ ማራገቢያ ጥግ ላይ ይዞራሉ። ሰማያዊው በርሜል የለም። ሠራተኞቹ በሙሉ ጓንትና ጭምብል አድርገዋል፤ ጓንቶቹ ከካርቶን ሲወጡ የታጠፉበት መስመር ገና አልጠፋም። ወንድሜ ማሽኑ ላይ ቆሟል። አላየኝም፤ ማለቴ ላለማየት ማሽኑን አየ።

ያን ጊዜ አዲስ የነበረው ሥራ አስኪያጅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። "እንግዲህ እንደምታዩት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው።"

ተቆጣጣሪው አንገቱን ነቀነቀና መጻፍ ጀመረ። መስኮት፤ ክፍት። ማራገቢያ፤ ሁለት። ጓንት፤ አለ። "ትናንትና ነው የተቀባው፣ አይሸትህም?" አልኩት።

"ቀለም መቀባት ወንጀል አይደለም" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ልጅቷ ያዘነች ናት። ይገባናል። ጋሽ ሚሊ የሁላችንም አባት ናቸው።"

"ከሆንኩ ጥሩ" አለ ድምፅ ከበሩ።

አባቴ ነበር። ኮቱን ለብሷል፤ የሰፋው ኮት። ፊቱ ከዓይኑ ጋር አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኗል። በብብቱ በላስቲክ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ይዟል። ወረቀት ጫኙ ጭምብሉን ከአፉ ላይ አወረደ። አባቴ ማንንም ሰላም ሳይል በቀጥታ መጀመሪያው መስኮት ጋ ሄደ፤ አውራ ጣቱን ክፈፉ ላይ አሳረፈ፤ ቀስ ብሎ አንሸራተተው።

"አንድ" አለ። በጥፍሩ ወጋ ሲያደርገው ገና ያልደረቀ መሙያ ተፈነቀለ፤ ቀዳዳው ብቅ አለ። "ሁለት። ሦስት። እኔ በአንድ መስኮት አሥራ ሁለት ነው የመታሁት፤ በእኩል ርቀት። እየቆጠርክ ና" አለው ተቆጣጣሪውን።

"ጋሽ ሚሊ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ "እነዚያ ሚስማሮች እኮ ከወጡ ዓመታት አልፏቸዋል።"

አባቴ ዞሮ ከማሽኑ መጨረሻ ከተደረደረው ወረቀት ላይ አንድ አነሳ። የብስኩት ካርቶን ነው፤ የምትስቅ ሴት ልጅ ፊት። ከደረት ኪሱ አጉሊ መነጽሩን አወጣ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተለየችውን ትንሿን። ከንፈሯ ላይ አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ለተቆጣጣሪው ሰጠው።

"ምን ታያለህ?"

"ሴት ልጅ..."

"አፏን እይ።"

ተቆጣጣሪው አየ። "ሁለት ነው" አለ። "አንዱ ከሌላው ወጣ ብሏል።"

"ዛሬ ዝናብ ነው። መስኮቱ ተከፍቷል። ወረቀቱ አብጧል። በተከፈተ መስኮት በዚህ ወር እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ለዚህ ነው የዘጋሁት። ባለፈው ሳምንትም ዝናብ ነበር። መስኮቱ ያን ጊዜም ክፍት ከሆነ፣ ያለፈው ሳምንት ሥራም ሁለት አፍ አለው ማለት ነው። ካለው እኔ ውሸታም ነኝ።"

"የማሽን ብልሽት ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጥኖ። "ያለፈው ሳምንት ደግሞ ተጭኖ ሄዷል። አንድም የቀረ የለም።"

ክፍሉ ውስጥ ያለ አታሚ ሁሉ ይህ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ ወረቀት፣ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት፣ ማሽኑ ላይ የቆመው ሰው ፈርሞበት ይቀመጣል። ደንበኛ ቢያጉረመርም መከላከያቸው እሱ ነው። የሚቀመጠውም በማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነው።

አባቴ ወንድሜን አላየውም። አትስጥ አላለውም፣ ስጥ አላለውም። እኔ ግን አየሁት። በዓይኔ ብቻ አልነበረም፤ ቢቻለኝ ኖሮ አንገቱን አንቄ ነበር።

ወንድሜ ጓንቱን አወለቀ። አዲሱ ጓንት እምቢ ብሎት በጥርሱ ነው የጎተተው። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከዛሬው ጎን ዘረጋው። ያችው ሴት ልጅ። ያለፈው ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ የራሱ ፊርማ።

"አፏ አንድ ነው" አለ። "መስኮቱ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው የተከፈተው። እኔም ሚስማር ነቅያለሁ፤ ዝገው ነበር፣ በመከራ ነው የወጡት። ጣፋጩን በርሜል መኪና ላይ ጭነን ነው ያደርነው።"

"ትባረራለህ" አለው ሥራ አስኪያጁ፣ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ሥራውን ይዤ እንደ አባዬ ልታመም?" አለ ወንድሜ።

አባቴ ላስቲኩን ፈታ። የምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ ሁለቱ ሴት ልጆች መሀል አስቀመጠው።

"ጻፍ" አለው ተቆጣጣሪውን። "መስኮቱን የመታሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የኔን ስም ጻፍ፤ አትዝለለው። ፉጨት የሚባል ሙያ ያስተማርኩት ልጅ ነበረኝ፣ ዳኛው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ በዘጋሁት ክፍል ውስጥ ነው የሠሩት። ጓንት አታድርጉ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ከዚያ ከኔ በታች ይህን የፈረመውን ጻፍ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን በርሜል ሲያስገባ መስኮቱ ዝግ መሆኑን ከኔ እኩል ያውቅ ነበር። በወርቅ ቀለም ጽፎልኛላ!"

ሥራ አስኪያጁ "እንግዲህ ራሳቸው አመኑ፣ ጥፋቱ የሳቸው ነው" ብሎ ጀመረ። ተቆጣጣሪው፣ ያ ቀርፋፋ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አንስቶ አስቆመው። "እየጻፍኩ ነው" አለ። ጎንበስ ብሎ ፊርማውን በአጉሊ መነጽር አየ።

*

ክፍሉ በዚያው ቀን ታሸገ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እስከዛሬ ወንበሩ ላይ ነው፤ ጉዳዩ "በመታየት ላይ" ነው። ውሃ ወቀጣ። የፉጨት ሚስት ቤታችን መጥታ አባቴ ፊት ቁጭ ብላ ሁሉንም ከአፉ ሰማች፤ ስትወጣ ጉልበቱን አልሳመችም። አባቴ "ልክ ናት" አለ። እኔም ልክ ናት ብያለሁ። ሐኪሟ ለአባቴ የሰጠችው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው፤ እሱ ስንት እንደሆነ አይጠይቅም።

ዘጠኙ ሠራተኞች ለምርመራ የተጠሩት በሳምንቱ ነው። የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተደርድረዋል። እኔን ሲያዩ ግማሾቹ ፊታቸውን አዞሩ። ወረቀት ጫኙ "መጣች፣ ሥራ ዘጊዋ" አለ፤ አሁን ሳቅ የለበትም። "ደሞዜን ነው ወይስ ደሜን ነው የምትወስጂው?"

"ደምህን" አልኩት። "ግባ፣ ተራህ ነው።"

ገባ። ወንድሜ ቀጣዩ ነበር። ደጋግሞ ሽንት ቤት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሥራ ስለመፈለግ አወራ፣ ነገ ብመጣ ምን ይመስልሻል አለ። አባቴ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻ የወንድሜን ክንድ ያዘና አስነሳው፤ ወደ መስኮቱ ወሰደው።

"ወደ ብርሃኑ ዙር" አለው። አገጩን በሁለት ጣቱ ቀና አደረገ። እንደ ወረቀት ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው። ዓይኑን ለረጅም ጊዜ መረመረ፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን።

"ነጭ ነው" አለ። "ንጹህ ነጭ።"

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። "አየሽ?" አለኝ። "አባዬ አይቶታል። እንሂድ።" ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ።

የአባቴ ዓይን የራሱን ቢጫ አላየም። የሠላሳ አንድ ዓመት ዓይን ነው፣ አውቃለሁ፤ የወደደውን ነገር ሲሆን ግን ግድግዳው ነው ይላል።

ኮቱን ከእጁ ነጥቄ ወሰድኩ። ነርሷ በሩን ከፍታ ስሙን ጠራች። "ግባ" አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። በሁለት እጄ ጀርባውን ገፍቼ አስገባሁትና እስኪወጣ ድረስ በሩ ላይ ቆምኩ።